«የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ላሉን ሰው

ባለፈው ሳምንት አንድ ጽሑፍ በእርዳታ ሥራ ላይ ባለን ሰዎች መካከል ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰነበተ። ለእኔ ብቻ ሦስት ሰው ላከልኝ። ጸሐፊው በዚህ ሥራ ረጅም ዓመት የቆዩ ሰው ናቸው። ስማቸውን አላነሳም፤ ጉዳዬ ከሐሳባቸው ጋር ነው።

የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። ግጭት ወዳለበት ቦታ ለሚሄዱ ሠራተኞች የሚሰጠው የደኅንነት ስልጠና፣ ብዙዎቻችን ሂት የምንለው፣ ገንዘብ ማባከኛ ነው። በአዳማ ሆቴሎች ለአዳራሽ፣ ለምሳና ለአበል የሚወጣው ብር ስንዴና ዘይት ይግዛበት። ፈረንጁ ከፈለገ ይሠልጥን፤ የእኛ ሰው አገሩን ያውቃል፣ «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ይባላል። መኪናው ላይ ያለው ሎጎና የሕዝቡ ፍቅር ይጠብቀዋል። የውሸት እገታ ድራማው ሰው ይጎዳል እንጂ አያስተምርም። የግድ ከሆነም በኢንተርኔት የሚወሰድ ነፃ ኮርስ አለ። ደግሞስ፣ ስልጠና ጥይት ያቆማል ወይ?

ጽሑፉን ሁለቴ አነበብኩት። አንዳንዱ እውነት ነው፤ እውነት የሆነውን እዚያው እቀበላለሁ። ዋናው ሐሳብ ግን ሰው የሚያስገድል ሐሳብ ነው ብዬ ስለማምን ዝም ማለት አልቻልኩም።

ማን እንደሆንኩ ልናገር። አዳማ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት በሎጂስቲክስ ሠርቻለሁ። መኪና እመድባለሁ፣ ነዳጅ እቆጥራለሁ፣ ፊልድ የወጡ ሹፌሮች በሰላም መድረሳቸውን በሬዲዮና በስልክ እከታተል ነበር። አሁን በእነዚሁ ስልጠናዎች ላይ የመጀመሪያ እርዳታውን ክፍል አግዛለሁ። ማለትም ከዚህ ሥራ ገቢ አገኛለሁ። አንባቢ ይህን አውቆ ያንብበኝ።

ከገንዘቡ ልጀምር፤ እርስዎም የጀመሩት ከእሱ ነው።

አዳማ የስብሰባ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የፍጥነት መንገዱ አለ፣ ሆቴሉ ብዙ ነው። ባነር ተሰቅሎ፣ ፓወርፖይንት ተነቦ፣ ሻይና ብስኩት ቀርቦ፣ አበል ተፈርሞ የሚበተን «ስልጠና» በዓይኔ አይቻለሁ። በዚህ ላይ የጻፉት ቢያንስ እንጂ አይበዛም። ነገር ግን ተባይ የገባበት ዱቄት መጋዘን ውስጥ ሲገኝ ዱቄቱ ይለወጣል እንጂ እርዳታው ይቅር አይባልም። መጥፎ ስልጠና ካለ መጥፎውን እናስቁም።

ሂሳቡንም እስከ መጨረሻው እናስላው። ሰኔ 17 ቀን 2013 ዓ.ም. ትግራይ ውስጥ ሦስት የድንበር የለሽ ሐኪሞች ሠራተኞች ተገደሉ። አንዲት ስፔናዊት አስተባባሪ፣ ኢትዮጵያዊ ረዳቷና ኢትዮጵያዊ ሹፌራቸው ነበሩ። ከዚያ በኋላ የድርጅቱ የስፔን ክፍል በአብይ ዓዲ፣ በአዲግራትና በአክሱም ሥራውን አቋረጠ። በእነዚያ ከተሞች ሐኪም ሲጠብቅ የነበረው ሰው ምን እንደሆነ እርስዎም ያውቃሉ። ሠራተኛው ሲመታ መድኃኒቱም እህሉም አብሮ ይቆማል። እነዚያ ሦስቱ ስላልሠለጠኑ ሞቱ ማለቴ አይደለም፤ ወደዚህ ነገር መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ። የምለው የሠራተኛ ደኅንነትና የተረጂው ስንዴ በሚዛን ላይ ግራና ቀኝ የሚቀመጡ ሁለት ዕቃዎች አይደሉም ነው። አንዱ ሲወድቅ ሌላውም ይወድቃል።

ሕግም አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪው ሠራተኛው ስለ ሥራው አደጋና ስለሚያስፈልገው ጥንቃቄ ተገቢውን መመሪያ እንዲያገኝ የማድረግ ግዴታ አለበት ይላል። ፎቅ የሚወጣ ግንበኛ ያለ መከላከያ ቆብ ሲሠራ ብናይ እንቆጣለን። የእርዳታ እህል ጭኖ ተኩስ ወዳለበት ወረዳ የሚገባ ሹፌር ምንም ሳይነገረው ሲላክ ግን «ጎበዝ ነው፣ ለምዶታል» ብለን እናልፋለን።

እውነተኛው ችግር ሌላ ቦታ ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይገድባል። ስለዚህ ሥራ አስኪያጆች «የሠራተኛ ስልጠና» የሚል መስመር በጀት ላይ ሲያዩ እጃቸው ወደ መሰረዝ ይሄዳል። የደኅንነት ስልጠና ግን ገና ፕሮፖዛል ሲጻፍ እንደ ነዳጁና እንደ ጎማው የፕሮጀክቱ ወጪ ሆኖ መግባት አለበት። ለጋሾቹም ቢሆኑ ከጥፋት አይነጹም። በ2016 እ.ኤ.አ. ግራንድ ባርጌን በተባለው ስምምነት ከእርዳታ ገንዘቡ ሩብ ያህሉን እስከ 2020 ለአገር ውስጥ ድርጅቶች እናደርሳለን ብለው ነበር። አላደረሱም። ገንዘቡ ሳይመጣ አደጋው ግን ቀድሞ መጣ። ትልቁ ድርጅት «ለሠራተኞቼ ያሰጋል» ብሎ የማይገባበት ቀበሌ ትንሹ የአገር ውስጥ አጋር ድርጅት ይገባል፤ ሬዲዮ የለውም፣ ተለዋጭ መኪና የለውም፣ ስልጠናም የለውም። እርስዎ ብዕርዎን ወደዚህ ቢያዞሩት ኖሮ ከጎንዎ እቆም ነበር።

አሁን ወደ ተረቱ።

«የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ብዙ ቦታ የሚሠራ ተረት ነው። እዚህ ግን አይሠራም። መጀመሪያ የሚሞተው ማን እንደሆነ እንይ። የተባበሩት መንግሥታት ባወጣው ቁጥር በ2024 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 383 የእርዳታ ሠራተኞች ተገድለዋል። አብዛኞቹ የገዛ አገራቸውን ሕዝብ የሚያገለግሉ ሰዎች ነበሩ፤ በሥራ ላይም በመኖሪያ ቤታቸውም ሳሉ ነው የተገደሉት። «የአገሬው ሠራተኛ ቁጥሩ ስለሚበዛ ነው» ይሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ይበዛል። ታዲያ ሳይሠለጥን ይላክ የሚሉት ይህንኑ የሚበዛውን ሰው ነው።

ደግሞ «አገሩ» የቱ ነው? የአዳማ ልጅ አዳማን ያውቃል። ፍራንኮ ላይ የቱ ባጃጅ በየት እንደሚያቆራርጥ፣ መናኸሪያው ስንት ሰዓት እንደሚጨናነቅ ያውቃል። ነገ ኮንትራት ፈርሞ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ሲሄድ እንግዳ ነው። አነጋገሩ ይለያል፣ ስሙ ይለያል። ኬላ ላይ የቆመው ወጣት ስለ ድርጅቱ ዓላማ አይጠይቀውም። «አንተ የየት ልጅ ነህ?» ነው የሚለው። ፈረንጁን እንዲህ ብሎ የሚጠይቀው የለም። የእኛ ሰው መልሱን ከመናገሩ በፊት መታወቂያው ይናገርበታል። ስልኩ ላይ ያለው ፎቶ፣ ላይክ ያደረገው ጽሑፍ፣ የጫነው ዘፈን ሁሉ ይመሰክርበታል። ዘመዶቹ ይታወቃሉ፣ ቤቱ ይታወቃል፣ ኮንትራቱ ሲያልቅ አውሮፕላን ተሳፍሮ የሚሄድበት ሌላ አገር የለውም። የእኛ ሰው አደጋ ከፈረንጁ ያነሰ አይደለም፤ የተለየ ነው፣ ብዙ ጊዜም የከፋ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልስጥዎ። ከውጭ የመጣው የስልጠና ጥራዝ ይህን ጥያቄ አያውቀውም። ስለ ፓስፖርትና ስለ ኤምባሲ ያስተምራል። የቀበሌ መታወቂያ ይዞ ስለሚሄድ ሰው ምንም አይልም። ስለዚህ ስልጠናው ለእኛ ሰው አይሆንም ብለው ቢሆን ኖሮ ግማሽ መንገድ አብሬዎት እሄድ ነበር። እርስዎ ግን የእኛ ሰው አያስፈልገውም ነው ያሉት።

የገዛ ቀዬው ላይ ቢሆንስ? ሰው የሚያውቀው የትናንቱን ቀዬ ነው። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነቱ ከተፈረመ በኋላ ስንት ሰው ወደ እርሻውና ወደ ግጦሹ ተመለሰ። በትግራይ፣ በአፋርና በአማራ ክልል ያልፈነዱ ተተኳሾች መሬቱ ላይ ቀርተው ነበር። የተጎዱት እነማን ናቸው? ልጆችና እረኞች ናቸው። ሜዳውን ከእረኛ በላይ የሚያውቅ ሰው ካለ ያምጡልኝ። እያንዳንዱን ድንጋይ ያውቃል። አዲሱን ብረት ግን አያውቀውም።

በስልጠናው ላይ ይህን ለማስተማር አንድ ሰዓት ይበቃል። የማታውቀው ብረት ካየህ ቁም። አብረውህ ያሉትን በጩኸት አስቁም። አንድም እርምጃ አትራመድ። ዙሪያህን በዓይንህ ብቻ መርምር። ያለህበትን ተናግረህ እርዳታ ጥራ። መኪና ውስጥ ከሆንክ አትውረድ። ቀላል ነው። ያልተለማመደ ሰው ግን ወዲያው ከመኪናው ዘሎ ሊያይ ይወርዳል። ጎበዝ የሆነ ሰው ደግሞ ያነሳዋል።

ሹፌሮቹን ላንሳ። ይህን ምላሽ እንድጽፍ ያደረጉኝ እነሱ ናቸው።

እኔ በምሠራበት በአንድ ወቅት የአራት ቀን ስልጠና እዚሁ አዳማ ተዘጋጀ። የተሳታፊዎች ዝርዝር ወጣ። ማናጀር፣ ኮኦርዲኔተር፣ ኦፊሰር፣ ኦፊሰር፣ ኦፊሰር። ሹፌር አንድም የለም። ሹፌሮቹ ሠልጣኞቹን አምጥተው ግቢው ውስጥ ቆሙ። እኛ አዳራሽ ውስጥ ስለ ኬላ ስናወራ፣ ኬላ ላይ መስኮቱን የሚያወርደው ሰው ውጭ ዛፍ ሥር ተቀምጧል። የአዳማ ንፋስ አቧራውን እያነሳ ይደፋበታል። በሁለተኛው ቀን ለኃላፊዬ ነገርኩት። «እነሱማ ልምድ አላቸው» አለኝ። ያ የእርስዎ ተረት ነው፣ በሌላ ቃል።

ልምድ አላቸው፣ አዎ። ልምዳቸው ግን ምን እንደሚያስተምራቸው ይዩ። መንገድ ላይ መሣሪያ የታጠቀ ሰው እጁን ያነሳል። ሊፍት ይፈልጋል። የእኛ ባህል ሰው መንገድ ላይ ጥሎ ማለፍ አይፈቅድም፤ የታጠቀ ሰው እምቢ ማለት ደግሞ ያስፈራል። ሹፌሩ ያሳፍረዋል። ሃያ ጊዜ አሳፍሮት ምንም አልሆነም፤ ልምዱ «ምንም አይሆንም» ብሎ አስተምሮታል። በሃያ አንደኛው ቀን ያንን መኪና ሌላው ወገን ያየዋል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናው የእርዳታ መኪና መሆኑ ያበቃል። በስልጠና ላይ ይህን እንለማመዳለን። ፊት ሳያጠቁሩ፣ በትህትና፣ ጥፋቱን በአለቃ ላይ እየጣሉ እምቢ ማለት። «ወንድሜ፣ በሬዲዮ ሪፖርት አደርጋለሁ፣ መሣሪያ መኪና ውስጥ ከገባ ዛሬውኑ ያባርሩኛል፣ ልጆች አሉኝ።» አንድ ሰው ይህን አፉ እስኪለምደው አምስትና ስድስት ጊዜ ጮክ ብሎ መናገር አለበት። አንብቦት ብቻ አፉ ላይ አይመጣለትም።

ኬላውንም እንለማመዳለን። ወደ ሶደሬ በሚወስደው መንገድ በኩል ሜዳ ላይ ገመድ እንዘረጋለን። ከሩቁ ፍጥነት መቀነስ፣ መስኮት ማውረድ፣ ጥቁር መነጽር ማውለቅ፣ ሬዲዮ መዝጋት፣ እጅ መሪው ላይ ማድረግ፣ ስልክ አለመንካት። ማታ ከሆነ የፊት መብራቱን ዝቅ አድርጎ የውስጡን ማብራት። የሚናገረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ይህ ሁሉ እርስዎ እንዳሉት «ማንም የሚያውቀው ነገር» ይመስላል። ሜዳው ላይ ግን በየጊዜው የማየው ሌላ ነው። ኦፊሰሩ ከኋላ ወንበር ያለ ተራው ይመልሳል። አንዷ ቦርሳዋ ውስጥ መታወቂያ ስትፈልግ እጇ ይሰወራል። ሹፌሩ በመሃል ይጨነቃል። አንድ መኪና ውስጥ ያሉ ሰዎች አብረው ካልተለማመዱ አብረው አይሠሩም፤ ሹፌሩ ከሌለ ደግሞ ልምምዱ ልምምድ አይደለም።

በሰኔ 2012 እ.ኤ.አ. ኬንያ ውስጥ በዳዳብ የስደተኞች መጠለያ የኖርዌይ የስደተኞች ምክር ቤት መኪኖች ተጠቁ። አራት የውጭ አገር ሠራተኞች ታግተው ከአራት ቀን በኋላ ተለቀቁ። አንድ ኬንያዊ ሹፌር ተገደለ። ከታገቱት አንዱ ካናዳዊ ድርጅቱን ከሰሰ፣ የኦስሎ ፍርድ ቤትም በ2015 እ.ኤ.አ. ድርጅቱ ከባድ ቸልተኝነት ፈጽሟል ብሎ ካሳ እንዲከፍል ፈረደ። ከዚያ ወዲህ ስለ አሠሪ ኃላፊነት በተወራ ቁጥር ያ ፍርድ ይጠቀሳል። ስለ ሹፌሩ ግን ሲነገር ብዙም አልሰማሁም።

ስለ ሎጎው እንነጋገር። «ምልክቱና የሕዝቡ ፍቅር ይበቃል» ብለዋል። ይህን ኢትዮጵያዊ ሲናገረው ይገርመኛል፤ ታሪካችን ሌላ ነው የሚለው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተመሠረተው በ1927 ዓ.ም. ነው። ወራት ሳይቆይ፣ ኅዳር 1928 ላይ የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበትን ሆስፒታል መቱ። ታኅሣሥ ላይ ዶሎ አቅራቢያ መልካ ዲዳ የነበረውን የስዊድን ቀይ መስቀል የመስክ ሆስፒታል ደበደቡ። የካቲት ላይ ደግሞ ቆረም አጠገብ የእንግሊዞቹ ተራ ደረሰ። ምልክቱ ከሰማይ እንዲታይ ተብሎ በትልቁ ተዘርግቶ ነበር። ምልክት የሚያድነው የሚያየው ሰው ሊያከብረው ሲፈልግ ነው።

ያውም ያ የቀይ መስቀል ምልክት ነው፤ በዓለም አቀፍ ሕግ የታወቀ። የእኛ ድርጅቶች በር ላይ የለጠፉት ስቲከር ያንን ያህል ክብደት የለውም። ለአንዳንዱ ታጣቂ ደግሞ ሎጎ ያለበት ላንድክሩዘር ማለት ሙሉ ነዳጅ ያለው፣ ጥሩ ጎማ ያለው፣ ባለቤቱ የማይተኩስ መኪና ማለት ነው።

የሕዝብ ፍቅር ያሉት እውነት ነው፣ ከሁሉም በላይ የሚጠብቀው እሱ ነው። ግን ፍቅሩ በስቲከር አይመጣም። የአገር ሽማግሌዎች ጋ ቀድሞ መሄድ፣ አባ ገዳውን፣ ቄሱን፣ ሼሁን ማነጋገር፣ ለማን ምን ያህል እንደሚሰጥና ለምን ለዚያኛው ቀበሌ እንዳልተሰጠ በግልጽ ማስረዳት፣ የተገባውን ቃል መጠበቅ ነው። ይህም ይማሩታል። እኔ በሠራሁባቸው ዓመታት ያየኋቸው አብዛኞቹ ጠቦች ስለ ፖለቲካ አልነበሩም። ስሜ ለምን ከዝርዝር ወጣ በሚል ሰው የተጀመሩ ነበሩ። ወጣቱ ኦፊሰር ያንን የተቆጣ ሰው ፊት ለፊት ሲያገኘው ምን ይበል? ድምፁን ከፍ ያድርግ ወይስ ዝቅ? ይቀመጥ ወይስ ይቁም? ለመኪናው ጀርባውን ይስጥ ወይስ ፊቱን? ይህን ያላስተማርነውን ልጅ ነው «ሕዝቡ ይወድሃል» ብለን የምንልከው።

የእገታው ድራማ ላይ በብዙው እስማማለሁ። እንዲያውም ከእርስዎ በላይ እቆጣለሁ። ከዓመታት በፊት አንድ ስልጠና ላይ ራሴ ሠልጣኝ ነበርኩ። ድንገት ጭምብል ያደረጉ ሰዎች መኪናችንን አስቁመው ጭንቅላታችን ላይ ከረጢት አጠለቁ፣ መሬት ላይ አንበረከኩን። ከጎኔ የነበረችው ሴት መንቀጥቀጥ ጀመረች፣ ማቆም አልቻለችም። በኋላ ስትነግረኝ በእውነተኛው ሕይወቷ እንዲህ ያለ ነገር አንድ ጊዜ ደርሶባት ነበር። ማንም አስቀድሞ አልጠየቃትም። የዚያን ቀን ማታ ሻንጣዋን ይዛ ሄደች። ያንን ስልጠና ያዘጋጁት ሰዎች ያስተማሯት ነገር ካለ ሥራውን መተው ብቻ ነው።

ስለዚህ ድራማው እንደዚያ ከሆነ ይቅር። ነገር ግን በአግባቡ ሲሠራ አይቻለሁ። ከቀን በፊት ሁሉም ይጠየቃል፣ በግል፣ በወረቀት። የማይፈልግ ሰው ምክንያት ሳይናገር ይቀራል። አንድ የማቆሚያ ቃል ይሰጣል፤ ያቺ ቃል ከተጠራች ሁሉም ነገር በዚያች ሰከንድ ይቆማል። ሴትን የሚነካ ወንድ የለም። የሥነ ልቦና ባለሙያ አለ። ካለቀ በኋላ ከልምምዱ በላይ ረጅም የሆነ ውይይት ይደረጋል። እንዲህ ሲሆን ሰው ስለራሱ አንድ ነገር ያውቃል። እኛ «ጀግና አይፈራም» እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን። ፈርቶ የማያውቅ የሚመስለው ጎልማሳ እዚያ ሜዳ ላይ አፉ ሲደርቅ፣ የገዛ ስሙን ሲረሳ ያያል። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በጣም አደገኛዎቹ እንደሆኑ፣ ያኔ መታዘዝ እንጂ መከራከር እንደማያዋጣ፣ ስልክና ብር ሕይወት እንዳልሆኑ ሰውነቱ ይማረዋል።

የኢንተርኔቱ ኮርስ ላይ ብዙ አልቆይም። የተባበሩት መንግሥታት ቢሴፍ የሚባለው ኮርስ ጥሩ ነው፣ ነፃ ነው፣ ሁሉም ይውሰደው፤ ሹፌሩም፣ የጥበቃ ሠራተኛውም። በቋንቋቸው ተዘጋጅቶ ማን አብሯቸው ቁጭ ብሎ እንደሚያስጨርሳቸው ግን እናስብበት። ሰርቲፊኬቱ እንዴት እንደሚገኝም እናውቃለን፤ አንዱ ጎበዝ ልጅ የቢሮውን ሰው ሁሉ ኮርስ በአንድ ከሰዓት ጠቅ ጠቅ አድርጎ ይጨርስላቸዋል። ኮርሱ መግቢያ ነው። የሚደማ እግር ማሰር ግን በማውስ አይለመድም።

የመጨረሻው ጥያቄዎ፣ ስልጠና ጥይት ያቆማል ወይ?

አያቆምም። የመኪናው በርም አያቆምም፤ ሰዎች ፊልም አይተው የሚያቆም ስለሚመስላቸው እሱን ራሱ እናስተምራለን። ነሐሴ 13 ቀን 1995 ዓ.ም. ባግዳድ ውስጥ የተባበሩት መንግሥታት ቢሮ የሆነው ካናል ሆቴል በቦንብ ሲመታ 22 ሰዎች ሞቱ፤ ቀኑ ዛሬ የዓለም የእርዳታ ሠራተኞች ቀን ሆኖ ይታሰባል። እነዚያ ሰዎች ስልጠና አልጎደላቸውም። ሰኔ 2013 ላይ የተገደሉት ሦስቱም ሥራቸውን የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። ሊገድልህ ወስኖ የመጣን ሰው ስልጠና አይመልሰውም። ያንን የሚመልሱት መሣሪያ የያዙት ወገኖችና የሚያዟቸው ናቸው። ተጠያቂነቱም እነሱ ላይ እንጂ በሟቹ ላይ አይደለም። ስልጠና ሲወደስ «ቢሠለጥን ኖሮ አይሞትም ነበር» የሚል ወሬ ከኋላው እንዳይመጣ እፈራለሁ፤ ይህን ስጋት ቢያነሱ ኖሮ ትክክል ነበሩ።

ሆኖም ፊልድ ላይ ሰው የሚጎዳው በተነጣጠረ ጥይት ብቻ አይደለም። መንገድ ላይ መኪና ይገለበጣል። ኬላ ላይ በተሳሳተ ቃል ሰው ይያዛል። የወደቀ ብረት ይነሳል። መንገዱ አደገኛ መሆኑ እየታወቀ «ትናንትም ሄደናል» ተብሎ ይኬዳል። ከስልጠናው ሁሉ ትልቁ ትምህርት ለእኔ «ዛሬ አንሄድም» ማለትን መልመድ ነው። እምቢ ያለ ሠራተኛ ኮንትራቱ እንዳይታደስ መፍራት የለበትም። ይህን ሥራ አስኪያጆቹም ቁጭ ብለው ይማሩት፤ ከሹፌሩ ጋር፣ አንድ ክፍል ውስጥ።

የደም መፍሰስን ደግሞ ከራሴ ሥራ ልንገርዎ። ትልቅ የደም ሥር የተቆረጠበት ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ይሞታል። አምቡላንስ አይጠብቅም፤ በእኛ መንገድ ላይማ ጨርሶ። ቱርኒኬት የሚባለውን ማሰሪያ ከቁስሉ አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ፣ መገጣጠሚያ ላይ ሳይሆን፣ ደሙ እስኪቆም ማጥበቅ፣ የታሰረበትን ሰዓት መጻፍ፣ ከዚያ ሐኪም እስኪያየው አለማላላት። ጠብቆ ሲታሰር በጣም ያማል። ያልተለማመደ ሰው በሽተኛው ሲጮህ ያዝናል፣ ያላላለታል።

ባለፈው ዓመት ካሠለጠንናቸው ውስጥ አንድ ሹፌር ነበሩ፣ እኔ ጋሼ የምላቸው። ዝርዝሩ ውስጥ ስማቸው አልነበረም። አንድ ኦፊሰር ሳይመጣ ስለቀረ ነው ወንበሩ ክፍት ከሚሆን ብለን ያስገባናቸው። ከወራት በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት ስልኬ ጮኸ። መተሐራን አልፈው ወደ አዋሽ መንገድ ላይ ነበሩ። ፊታቸው ያለው የጭነት መኪና ተገልብጦ የረዳቱ እግር ተቆርጧል፤ መኪናቸው ውስጥ ካለችው ሳጥን ማሰሪያውን አውጥተው አስረውታል።

«ልጄ፣ ደሙ ቆሟል፤ ሰዓቱን ግንባሩ ላይ በእስክሪብቶ ጽፌዋለሁ» አሉኝ። «ግን ልጁ አላላልኝ እያለ ይለምነኛል። ላላላለት?»

«አይንኩት ጋሼ፣ ሐኪም ቤት እስኪደርስ እንዳይነኩት» አልኳቸው።

«እሺ» አሉና ስልኩን ሳይዘጉት መንዳት ጀመሩ። ከኋላ ወንበር ልጁ ሲያቃስት ይሰማኝ ነበር፤ አዋሽ እስኪገቡ ድረስ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንዳደረግኩ ማቃሰቱን እሰማ ነበር።